የከረሜላ ሠሪው ንቦች

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤ ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ወገቤን ያመኛል ያልከው ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ችላ ብለኸዋል? እኔ የእግሬን ማበጥ ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ። አባባን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም፤ አልጋ ከያዘ ሦስት ሳምንት ሆነው።

«ሥራዬን ለቅቄ መጥቼ ማሩን አብሬያችሁ እሠራለሁ» ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። ከመልቀቅህ በፊት ይህን አንብብ።

የፋብሪካ ከረሜላ በየሱቁ ሲሞላ የእኛን የሚገዛ እንደጠፋ ታውቃለህ። አባባ በስተርጅና አሥር ቀፎ ጓሮ ደረደረ። ሰፈርተኛው «ከረሜላ ሠሪ ስለ ንብ ምን ያውቃል!» ብሎ ሲስቅ፣ እሱ እሳት ሳያስነካ በስስ ጨርቅ እያጠለለ፣ የባሕር ዛፉን ማር ለብቻ፣ የግራሩን ለብቻ በከረሜላው ብልቃጥ እየሞላ አፋቸውን አስያዛቸው። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር እየመጡ ይገዙት ነበር።

ዘንድሮ ግን አበባ ጠፋና ንቦቹ ተራቡ። አባባ ስኳር በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው አለኝ። እኔ ቆጣቢዋ፣ እኔ ብልጧ! ጓዳ የከረመውን የከረሜላ ፍርፋሪና ድስት ሥር የያዘውን ያረረ ስኳር አቅልጬ ሰጠኋቸው። እኛ ቤት ያረረ ስኳር መቼ ተጥሎ ያውቃል? አንተም እኔም እሱን እየላስን አይደል ያደግነው? ለካ ለንብ መርዝ ኖሯል፤ ቀፎ የሸጠልን ሰውዬ ነው ኋላ የነገረኝ። ሆዳቸው ተነፍቶ በየቀፎው ደጃፍ ረገፉ። በመጥረጊያ ጠረግኋቸው፣ ወንድሜ። በመጥረጊያ!

አባባ ለጠየቀው ሁሉ «እኔ ነኝ የፈጀኋቸው፤ እጄ አርጅቷል» ይላል። እኔም ሾርባውን እያቀረብኩ፣ ትራሱን እያስተካከልኩ ዝም አልኩ። ሲያለቅስ እያየሁ ዝም አልኩ። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

ትናንት ግን አላስቻለኝም፤ እግሩ ሥር ወድቄ ነገርኩት። አየት አደረገኝና «አርባ ዓመት ስኳር ያፈላ ሰው ያረረ ስኳር ሽታ ይጠፋዋል ብለሽ ነው? መርገፍ የጀመሩ ዕለት ቀፎው ደጃፍ ጎንበስ ብዬ አሽትቻለሁ» አለኝ። ታዲያ ለምን በራስህ ታሳብባለህ ስለው፣ «እኔ ዛሬ ነገ ሟች ነኝ። አንቺ ግን ከዚህ ሰፈር ጋር ገና ትኖሪያለሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምነው አፈር በበላሁ!

እንግዲህ ወንድም ዓለም፣ ሥራህን እንዳትለቅ፤ የምትሠራው ማር የለም። አባባን ለማየት ግን ፈቃድ ጠይቀህ ቶሎ ና። ሐኪሙ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልነገረኝም።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለአባባ ልክ ሆኖለታል። ትልቁን ልጅህን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ ያቺን ለፍላፊዋን ደግሞ አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። ለአማትህም እጅ ነስታለች በልልኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስታበቃ ቅደደው። ንቦቹ ምን ሆኑ ብሎ ሰው ከጠየቀህ አባታችን ነው የፈጃቸው በል፤ እውነቱን ለሰው እንዳላወጣ ትናንት አስምሎኛል።

እህትህ
ከሱቁ ጓዳ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ