የአራስ ቤት መስኮት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሸዋገነት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ ይህን የደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት ቻለው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? ገብሱስ ተወቅቶ ገባ? እኔ በአምላክ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ እሠራለሁም። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም።

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ እንደ ልማድሽ እማዬ ፊት ከፍተሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽው ከሆነ እዚህ ላይ አቁሚ። የዘርፈሽ ጽሕፈት ዛሬስ አልነበብ አለኝ በያት። ጽሕፈቴ መጥፎ መሆኑን ስለምታውቅ ታምንሻለች። ከቤት ወጥተሽ ብቻሽን ስትሆኚ ቀጥዪው።

አሁን ብቻሽን ነሽ ብዬ ልናገር። ታናሽ እህታችን አለምብርሃን አርፋለች። ዓርብ ጥር 7 ቀን ጠዋት ነው ያረፈችው፤ በማግስቱ ቀበርናት። ባሏም ከጂጂጋ ከጦሩ ፈቃድ አግኝቶ ለሠልስቱ ደረሰ። የወለደቻት ልጅ ደህና ናት። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ቆርጬ መጥቼ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ልጅቷን ለማን ትቼ? ዝም ብዬ ልሰንብት ስል ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እማዬ ለክርስትናው የካቲት 28 ልትወርድ በሶዋን አስፈጭታ፣ ቅቤዋን አንጥራ ቀን ትቆጥራለች ብለሽ ጻፍሽልኝ። ባቡር ጣቢያ ወርዳ አራሷስ ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?

እንዴት እንደሞተች ልንገርሽ። ቤቴን አላየሽውም። መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ጀርባውን ለደቻቱ ወንዝ የሰጠ ግቢ ነው፤ ስድስት ክፍል በአንድ ረድፍ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። በክረምቱ ደቻቱ ሞልቶ ግቢው ድረስ ሲገባ የመስኮቶቹ መዝጊያ ረጥቦ ተጣመመ። የቤቱ ባለቤት አሳድሳለሁ ብሎ የስድስቱንም አስነቀለና ወሰደ፤ አልመለሰውም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሙቀቱ እስካለ ድረስ ማንም አላጉረመረመም። እንዲያውም በሙቀት ወራት መስኮቱ ክፍት መሆኑ ተመችቶን ነበር።

ድሬዳዋ ብርድ የለም ትላላችሁ። ለደብረ ብርሃን ልጅ እውነትም የለም፤ እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ። አለምብርሃን እኔ ቤት ታኅሣሥ 8 ስትገላገል ግን ጎህ ሲቀድ ከደቻቱ አሸዋ የሚነሳው ንፋስ ቀጥ ብሎ አልጋዋ ላይ ይመጣ ጀመር። መስኮቱን በጆንያና በጣውላ ሸፈንኩት። ጆንያው ይነፋል፣ ይወድቃል። ባለቤትየው ደግሞ ግቢው ውስጥ ጆንያ ስለሚያከማች ደጅ ላይ እሳት እንዳይነድ ከልክሏል። ስለዚህ ከሰል ደጅ አያይዤ ጭሱ ሲያልፍለት ማስገባት አልቻልኩም፤ እዚያው አራሷ ካለችበት ክፍል አያይዘው ነበር።

ያኔ ነው የታኅሣሥ 20 ደብዳቤሽ የደረሰኝ። እማዬ ያስጻፈችሽን አትረሺውም፤ የአራሷን ቤት ንፋስ አይግባበት፣ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ፣ እሳት ከአጠገቧ አይጥፋ ነበር ያለችው። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት ተቀብዬ አንብቤ እዚያው በጣም ተናደድኩ፤ በእማዬ ሳይሆን በባለቤትየው። በቀጥታ ቀፊራ ገበያ ወዳለው ሱቁ ሄድኩ። ጎረቤቴ ዒጋል፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፣ ተከራይ ለባለቤቱ ካላስታወቀና ማስረጃ ካልያዘ ሕጉ አይሰማውም እያለ ሁልጊዜ ይመክረኝ ነበር። ስለዚህ መስኮቱ ይዘጋልኝ፣ አራስ አለችብኝ ካልኩት በኋላ ማስታወቄን በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት። ሰውየው ሳቀብኝ። የድሬዳዋ ተከራይ ሁሉ ሙቀት ገደለኝ ይላል፣ ብርድ የሚል ገና ዛሬ ሰማሁ አለ። አልሄድም ብዬ ስቆምበት ወረቀት አምጪ አለኝ። በእጄ የነበረው ያንቺ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በጀርባው ላይ፣ ስለ መስኮቱ ነግራኛለች፣ አሠራለሁ ብሎ ጻፈ፤ ጥር 1 ብሎ ፈረመበት። ድል ያደረግሁ መስሎኝ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ።

መዝጊያው አልመጣም። አለምብርሃን ራሴን፣ ራሴን ማለት ጀመረች። ያቅለሸልሻታል፣ እግሯ ይዝላል። ብርድ መታት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ያደግሁበት ነገር ነው። ጣውላውን በሚስማር መታሁት፣ በዙሪያው ጭቃ መረግሁበት፣ የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ወተፍኩት። ከሰሉንም ጨመርኩ። እሷ ራሴን ባለች ቁጥር እኔ እዘጋለሁ። የእኛ ቤት ክዳኑ ሣር ነው እትዬ፤ ንፋሱ በየት እንደሚወጣ አይታይም እንጂ ይወጣል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንደዚያ አለመሆኑን ማን ይንገረኝ? ከሰሉ ሲግል ጭስ የለውም፣ ሽታም የለውም። እኔ ጭሱ ሲጠፋ ጉዳቱም የጠፋልኝ መስሎኝ ነበር።

ያን ዓርብ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሰሉን አቀጣጥዬ፣ እግሯን ሸፍኜ ወደ ፋብሪካ ሄድኩ። የዒጋል ሚስት ሃዎ ሲነጋ ልጅቷን ደጅ አውጥታ ፀሐይ ልታሞቅ መጣች፤ ሁልጊዜ ታደርገዋለች። አለምብርሃን ራሴን ፈልጦኛል፣ ትንሽ ልተኛ ብላ ልጇን ሰጠቻት። ሃዎም እንዳዘዝኳት በሩን ገጥማ፣ ጨርቁን መልሳ ወጣች። ልጅቷ ጡት ፈልጋ ስታለቅስ ይዛት ስትገባ አለምብርሃን አልነቃችም። ሃዎ እስከ ዛሬ ወላሂ የተኛች መስሎኝ ነው እያለች ትምልልኛለች። አንቺ ምን አጠፋሽ፣ አብሽሪ እላታለሁ። እሷም መልሳ አብሽሪ ትለኛለች። ሁለታችንም አልተጽናናንም። የፍየል ወተት አፍልታ ልጅቷን የምታጠባልኝ እሷ ናት።

ከሠልስቱ በኋላ ዒጋል ፍርድ ቤት ወሰደኝ። በሩ ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አስረዳኝ። ሕጉ ብርድ የሚል ቃል የለውም፤ አከራይ ቤቱን ለተከራየበት ነገር የሚበቃ አድርጎ መያዝ አለበት፣ ጉድለቱ ከተነገረው ያድስ ነው የሚለው። ተከራይም በቤቱ በጥንቃቄ ይኑር ይላል። ባለፈው ቀጠሮ የባለቤትየው ጠበቃ ደንበኛዬ ስለ መስኮት የነገረው ሰው የለም ብሎ ካደ። ደግሞስ በድሬዳዋ ምድር ቤት ማሞቅ ምን የሚሉት ነው ሲል ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። ዳኛው አልሳቁም። የነገርሽበት ማስረጃ ካለሽ ለየካቲት 19 አቅርቢ አሉኝ።

ማስረጃው ያ ወረቀት ነው። በአንድ ፊቱ የባለቤትየው ፊርማ፣ በሌላው ፊት የእማዬ ቃል በአንቺ እጅ። አንዱን ፊት ብቻ ገልብጬ ላቅርብ ብል ዋናውን ካልሆነ አንቀበልም አሉኝ። ጠበቃው ገልብጦ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ድፈኑ ያለቻት እናቷ ናት፣ የደፈነችው እህቷ ናት፣ ደንበኛዬ ምን አደረገ ይላል። የሚለውም ውሸት አይደለም። ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ልቀደው አንስቼዋለሁ።

ግን እትዬ፣ ናፊሳ አለች። የሃዎ የልጇ ሚስት ናት፤ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትኖራለች፣ መስኮቱም ያው ክፍት ነው፣ ወሯ ገብቷል። ትናንት ባሏ ለመስኮቷ ጣውላ ሲለካ አየሁት። ሮጬ ከእጁ ቀማሁትና አበድሽ እስኪለኝ ጮህኩበት። ስለዚህ ወረቀቱን አቀርበዋለሁ። እሳቱን ያያያዝኩት፣ በሩን የወተፍኩት እኔ መሆኔንም ሳልጠየቅ እናገራለሁ። በእኔ ላይ የፈለጉትን ይፍረዱ፤ መዝጊያዎቹ ግን ይምጡ፣ ደጅ ላይ እሳት ይፈቀድ።

አንቺ ደግሞ ያንቺን አድርጊ። ባለቤትሽንና የእማዬን የነፍስ አባት ጥሪ፣ ጎረቤት ሰብስቢ፣ ማልደው ገብተው ያርዷት። ብቻዋን እንዳትሰማ። የአርባው ተዝካር የካቲት 16 ነው፤ ይህ ደብዳቤ ቀድሞ ከደረሰ እዚያም አስቡልኝ። ለክርስትናው መውረድ ከቻለች ትውረድ፤ ልጅቷን ትቀፋት፣ ስሟንም እሷ ታውጣላት። አለምብርሃንን ትመስላለች፤ ግንባሯ ቁርጥ እሷ ነው።

ባለቤትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿ አክስት አለምብርሃን መቼ ትመጣለች ብላ ከጠየቀች እንደሚሆን አድርጊላት። ሃዎና ዒጋል፣ ናፊሳም እንደ ቤተሰብ ሰላም ብለዋችኋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። በምን ሞተች ማለቷ አይቀርም። በከሰል ነው በያት፤ እዚህ ወርዳ ከጎረቤት ብትሰማው ይብሳል። እሳቱን ያነደደችው፣ ቤቱን የደፈነችው ዘርፈሽ ናት በያት። እሷ ያስጻፈችው ደብዳቤ የደረሰኝ ግን አለምብርሃን ከተቀበረች በኋላ ነው በይልኝ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ብዬ አልጻፍኩላችሁም። ከቤተሰቡ ቀኑን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።

እህትሽ ዘርፈሽ

ድሬዳዋ፣ መጋላ
የካቲት 5 ቀን 1957 ዓ.ም.