ነፋሱ ያስቀረው ለቀስተኛ

አካም ጅርታ ሲላስ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታየው ባህር መሀል የቆመው ብረት የምሠራበት የነዳጅ ማውጫ ነው። ባለፈው ሳምንት አብሮኝ ወጥ ቤት የሚሠራው ፊሊፒናዊው ራሞን አባቱ ማረፋቸውን በስልክ ሰማ። ወደ የብስ የሚወስደን ሄሊኮፕተር ደግሞ በነፋሱ ምክንያት ሊያርፍ አልቻለም። እኛ ሰፈር ዓለም ገና ቢሆን ዕድሩ ወዲያው ድንኳን ይተክል ነበር። እዚህ ግን ምሳ መድረስ ስላለበት ራሞን ሽንኩርት መክተፉን ቀጠለ። ቢላውን ተቀበልኩትና «አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኩት። «ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ዋና ግን አይችሉም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ለምሳ የመጡት ሠራተኞችም ሳህናቸውን እንደያዙ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ልክ እንደኛ ለቅሶ ቤት። ቀብሩን በስልክ ነው ያየው።

ቦታ እያለቀብኝ ነው። ጣቢታንና ልጆቹን ሳምልኝ። እሁድ ከቸርች ስትመለስ አባቴ ኦቦ ጉታ ጋ ጎራ በል። እኔ ስደውል «ደህና ነኝ» ብለው ቶሎ ይዘጋሉ፤ የስልክ ካርዴ እንዳያልቅ አስበው ነው። አንተን ግን ያወሩሃል። ስለ በሬዎቹ ደጋግመው ቢነግሩህም አትቸኩል። እስክመጣ ድረስ በእኔ ቦታ ቁጭ በልልኝ።

ባይሳ