መቻልን ያሳበጠው ነገር

መስከረም 20 ቀን 1975፣ ሐሙስ ማታ

ከማስተምርበት ት/ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ መቻልን ጠራሁት። አልመጣም። ከበሩ ጥግ ተኝቷል። ፊቱን ሲያዞር ክው አልኩ፤ የኔ ውሻ አይደለም። ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ከንፈሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ለሀጩ ይንጠባጠባል። ሆዱ ላይ ባቄላ ባቄላ የሚያህል ነገር ወጥቶበታል። አስመለሰው። ከዚያ እግሩ ከዳው።

ጭንቅላቱን ታፋዬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ባሌ ታደገ ከአናጺነት ሱቁ መጣ። ውሃ አምጥቶ ከጎኔ ቁጭ አለ። ሲመሻሽ እብጠቱ ጎደለ። አሁን ያንኮራፋል። በአንድ እጄ እየደባበስኩት ነው። ጽሑፌ ከተጣመመ ታገሺኝ፣ ደብተሬ።

እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከእብናት ተዛውሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ተድሬ፣ ይዤ የመጣሁት አንድ ሣጥንና አንድ ውሻ። ፊተኛው ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቴ ድምፅ መቻል ነበር።

መስከረም 22፣ ቅዳሜ

እንደገና። ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ ግቢው ላይ ሳለ። ያው እብጠት፣ ያው ለሀጭ። ሲንገዳገድ ወደ መንገድ ወጣብኝ። የቀበሌያችን ጥበቃ ጓድ ፈንታ አየው። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ያበደ ውሻ ነው አለ።

ፊቱ ቆምኩ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ጮህኩ መሰለኝ። ታደገ ሮጦ ደረሰ፤ የሰውየውን ክንድ ያዘና ቀስ ብሎ አነጋገረው። ሰኞ ለከብት ሐኪም እናሳየው፣ እስከዚያ ከቤት አይወጣም ተባባሉ። ጓድ ፈንታ ሲሄድ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ክፉ ሰው መስሎኝ ረገምኩት። ኋላ ታደገ ነገረኝ፤ የእህቱን ልጅ ያበደ ውሻ ነክሷት፣ እሱው ይዟት ሲሮጥ ሞተችበት። እርግማኔን መለስኩ።

ማታ ጎረቤታችን ወ/ሮ አበቡ መጡ። መጀመሪያ እባብ ነው አሉ፣ ቀጥለው ቡዳ ነው። ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ልጄ፣ ይኼ ቤት የስንዱ ነበር። ባለቤት የነበረው ቤት እንግዳ ቶሎ አይለምድም።»

ስንዱ የታደገ ሟች ሚስት ናት። እራት አልበላሁም።

መስከረም 24፣ ሰኞ

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁ ለስላሳ። ድድ አየ፣ ጉሮሮ አየ። እብደት አይደለም! ያበደ እንዲህ አብጦ በማግስቱ አይፈነጥዝም አለ። አለርጂ ይባላል። ሌላውን የማይጎዳ ነገር እሱን ይጎዳዋል፤ የሚበላው ወይ የሚነካው ወይ የሚነድፈው። አንድ ቀን ጉሮሮውን ይዘጋውና ያንቀዋል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ፈልጊ አለኝ። መርፌ ወጋው። ለጓድ ፈንታም ራሱ ሄዶ ነገረልኝ። ተመስገን።

መስከረም 27፣ ሐሙስ

ፍለጋ ላይ ነኝ። አጥንት ከለከልኩት። በርበሬ የነካው ፍርፋሪ የለም፤ ደረቅ እንጀራና ውሃ ብቻ። እንደ ጾመኛ ያየኛል። ለካ ጽጌም ገብቷል፣ አብረን እንጹመው አልኩት።

ዛሬ ደግሞ ሳልጠይቀው ታደገ የቫርኒሽ ጣሳዎቹን፣ ሙጫውን፣ ሰጋቱራውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ሱቁ አጋዘ። ምናልባት ሽታው ይሆናል አለ። ጀርባው ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኖ ገባ። አራገፍኩለት። ሰው በውሻ ምክንያት እንዲህ ይወደዳል?

መስከረም 30፣ እሑድ

አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነበር። መቻልን ግቢ አወጣሁትና ዓይኔን ሳልነቅል ተከተልኩት። የውሃ ገበቴው አጠገብ ተጋደመ። አደዩ አብቦ ግቢው ቢጫ ነው። አንዲት ንብ ልትጠጣ አረፈች። አፉን ከፍቶ ቀለባት፤ ዝንብን እንደሚቀልበው፣ ለጨዋታ። ጮኸ፣ ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው ከንፈሩ መነፋት ጀመረ። ገልብጬ ሳየው ቀጭን ጥቁር እሾህ ተሰክቷል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ታደገ ተሸክሞት ወደ ሐኪሙ ቤት ሮጠ። መርፌው ባይደርስ ኖሮ አንቆት ነበር፤ ትንፋሹ ያፏጭ ነበር።

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሁለት ቀፎ ተሰቅሏል። ንቦቹ ክረምቱን ጸጥ ብለው ነበር፤ አበባው ሲመጣ ወጡ። ማንንም አይነድፉም ብዬ ነበር እስከዛሬ ያላሰብኳቸው።

ቀፎዎቹ የስንዱ ናቸው። ታደገ ጧት ጧት ሥራ ከመሄዱ በፊት እነሱ ሥር ትንሽ ይቆማል። አንድ ቀንም ለምን ብዬው አላውቅም።

እሾሁን ለእሱ አላሳየሁትም። በሩጫው መሀል ምን ነደፈው ብሎም አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 2፣ ማክሰኞ

አልነገርኩትም። መቻል ቤት ታስሮ ያለቅሳል። ክፍል ገብቼ የሁለተኛ ክፍልን ትምህርት ለሦስተኛ አስተማርኩ። ልጆቹ ሳቁ።

የሞተችን ሴት ንብ ከግቢዋ አውጡልኝ ማለት! ማን ነኝ?

ጥቅምት 3፣ ረቡዕ

ነገርኩት። መቻልን እብናት እህቴ ጋ ልላከው ብዬ ጀመርኩ። ለምን አለ። ተንተባተብኩ፤ ኋላ እውነቱ ከአፌ ወጣ። ንቡ ነው።

ዝም አለ። ተነሥቶ ግቢ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ቀፎዎቹ ሥር ቆሟል። አለቀ፣ አስቀየምኩት አልኩ። ሲመለስ ዓይኑ ርሷል።

«ውሻው የትም አይሄድም፣ መምህርት» አለኝ። «ቀፎው ወደ ስንዱ እናት ይሄዳል። ድሮም ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

አለቀስኩ። እሱም። መቻል በመሀከላችን ገብቶ የሁለታችንንም እጅ ላሰ።

ጥቅምት 7፣ እሑድ

የስንዱ እናት እማሆይ ናቸው፤ በጋሳይ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መንደር ይኖራሉ። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። እኔንም አይተውኝ አያውቁም። ታደገ ዛሬ ሄዶ ነገራቸው። ቀፎውን በደስታ ተቀበሉ። ስለ እኔስ? አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ። እሱም ደክሞት ተኛ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ንቦቹ ገቡ። ታደገ የቀፎዎቹን አፍ እየደፈነ ነው። ነገ ማለዳ ከወንድሙ ጋር በእንጨት አንጠልጥለው ይሸከማሉ።

ቅድም የእማሆይ የጎረቤት ልጅ መልእክት ይዛ መጣች። ቃላቸው ይኼ ነው፦ «ቀፎው ብቻውን እንዳይመጣ። ልጅቱንም ይዘሃት ና፤ ስንዱ ቀፎውን የሠራችበትን ቦታ ላሳያት። እኔ እግሬ አይችልም እንጂ እስካሁን እመጣ ነበር።»

ልጅቱ! በሠላሳ ስምንት ዓመቴ።

ምን ልበስ? ምን ልያዝ? ምን ብዬ እጅ ልንሣቸው? ግን እሄዳለሁ። ወስኛለሁ፣ ደብተሬ፤ ነጩን ቀሚሴን እለብሳለሁ፣ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ከዚያ የሚሉኝን ሁሉ

ታደገ እየጠራኝ ነው፤ መብራቱን ያዢልኝ ይላል