ከጣሪያ የተነሣው መንገድ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሰውየው ዛሬም መጣ። ፎቶ ሊነሣ አይደለም። አቶ ተስፋ ይባላል፣ ከማዘጋጃ ቤት ነኝ ይላል። የከተማዋን እድገት የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አለ፤ የአባባ የድሮ ፎቶዎች ይፈለጋሉ። ማኅተም ያለው ወረቀት አሳየኝ። ዛሬ ማኅተም የሌለው ማን አለ?

አባባ ደስታቸውን አልቻሉትም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ስቱዲዮውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። «ባሕር ዳርን ከጎጆ ጀምሮ ያነሣኋት እኔ ነኝ!» ብለው ሁሉንም ዘረዘሩለት፤ ዘንባባው ሲተከል፣ የዓባይ ድልድይ፣ ፋብሪካው ሲገነባ። ሰውየው ይጽፋል። ይህን ሁሉ ምን ይጽፋል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ኔጌቲቮቹን ስለይ ዋልሁ። ከመካከል አንዷን ሳይ ሥራዬን አቆምሁ። አባባ ከጣሪያ ላይ ሆነው አዲሱን አስፋልት ያነሡባት ናት። ዘንባባዎቹ ገና ከጉልበት አያልፉም። መሐል መንገዱን ተማሪዎች መፈክር ይዘው ይሄዳሉ፤ ከፊት ወንድሜ ዳኛቸው።

ከቤት ወጥቶ ከቀረ ሦስት ዓመቱ። ቤት ለቤት በሚፈተሽበት ሰሞን የእሱን ፎቶዎች በሙሉ አቃጥለናል። ይህችን ረስተናታል። ዛሬም በፎቶ ሰው ይለቀማል ይባላል።

ያልታተመ የፎቶ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ሸሸግኋት። ብርሃን ካየ ይበላሻል ብዬ ማንንም እከለክላለሁ። ትንሽ ቀለለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሰውየው የኔጌቲቮቹን ፖስታ ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ቆጠረ። «አሥራ አራት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት። አሥራ አምስት የታለች?»

አባባ በእያንዳንዷ ኔጌቲቭ ላይ ቁጥር ጽፈዋል።

«እርጥበት በላት» አልሁት።

«ከጣሪያ ያነሣኋት ናት እኮ!» አሉ አባባ ከወንበራቸው። «ምንም አልሆነችም፤ ደህና አድርገሽ ፈልጊ ልጄ!»

ሰውየው አፍጥጦ አየኝና «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ዛሬ ምንም አልጻፈም። አለመጻፉ የባሰ አስፈራኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አልመጣም። ግን ከፊት ለፊት ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ቆሞ በራችንን ሲያይ አየሁት።

ላቃጥላት? አንበሳሜ ከተማ ያለችው አክስቴ ዘንድ ልውሰዳት? ክብሪት ጫርሁ። የወንድሜ ፊት የምስር ፍሬ ታክላለች። ክብሪቱ ጣቴን አቃጥሎኝ ጠፋ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ምሳ ሰዓት፣ አባባ ሲያንቀላፉ ገባና በሩን ዘጋው።

«ያቺን ፎቶ አቃጥያት» አለኝ።

ወጥመድ መሰለኝ።

«ያን ቀን አባትሽ ከጣሪያ ሆነው ሲያነሡን አይቻለሁ፤ በስተግራ መፈክሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። አለቆቼ ካዩኝ አለቀልኝ። አንቺም ልታስይዢኝ የደበቅሻት መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።»

አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን በማጉያ መነጽር አየኋት። ያኔ ቀጭን ነበር፤ ጆሮው ግን ያው ነው።

«አላቃጥላትም» አልሁት። «ከወንድሜ የቀረችኝ ይህች ብቻ ናት።» ጣቴን ዳኛቸው ላይ አሳረፍሁ።

ሰውየው ተቀመጠ። «የዳኛቸው እህት ነሽ?»

ከኔጌቲቭ ላይ የሰው ብጉርና ጠባሳ የምፍቅባትን ምላጭ አነሣሁና የእሱን ፊት ብቻ ቀስ ብዬ ፋቅሁት። ላብ እያጠመቀው ፊቱ እስኪጠፋ ድረስ አየ።

ሊወጣ ሲል «ከቤት በወጣ በሳምንቱ ዘጌ ላይ ታንኳ ሲሳፈር አይቼዋለሁ» አለኝ። «ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

እውነቱን ይሆን? ወይስ ፊቱን ስላጠፋሁለት ሊያስደስተኝ? አላውቅም።

አባባ ሲነቁ ዳኛቸው ዘጌ ላይ ታይቶ እንደነበር ነገርኋቸው።

«ማን አየው?» አሉኝ።

«አብሮት የነበረ ሰው።»

«ደህና ነበር አለ?»

«ደህና ነበር አለ፣ አባባ።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።