ያላሠራሁት የደረጃ መደገፊያ

ውድ እህቴ፣

ስልኬን ባለማንሳትሽ አልፈርድብሽም። ፊትሽ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ልጽፍልሽ ነው።

ጠበቃው ቢሮ የሄድንበትን ቀን መቼም አትረሺውም። «ሕንፃው በእርስዎ ስም ይቆይ፤ የሚያከራየውና የሚያስተዳድረው ግን ሌላ ድርጅት ይሁን። ተከራይ ቢከስ ክሱ ድርጅቱ ላይ ያበቃል፤ ሕንፃውን አይነካም» አለኝ። አንቺን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አደረግሁሽ። እስክሪብቶውን ይዘሽ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኔን ምን ውስጥ ይከተኛል?» አልሽ።

«ምንም። ወረቀት ነው» አልኩሽ። እውነቱን ግን አላውቅም ነበር፤ መልሱን ስለፈራሁ ጠበቃውን አልጠየቅሁትም።

የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ መደገፊያ መላላቱን ስትነግሪኝ «በያጅ እልካለሁ» አልኩ። ደግመሽ ስትነግሪኝ «አንቺ ደግሞ ነገር ማክረር ትወጃለሽ!» ብዬ ጮህኩብሽ። ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ሚስማር እንዳታስመቺ የከለከልኩሽም እኔው ነኝ። ቢቸግርሽ በገመድ አስረሽ «አትደገፉ» የሚል ወረቀት ለጠፍሽበት።

ተከራያችን ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ታቅፋ ስትወርድ ወረቀቱን አላየችውም፤ ተደግፋው ወደቀች። ዳሌዋ መሰበሩን ከሆስፒታል ደውለሽ ስትነግሪኝ እያለቀስሽ ነበር። እኔ ስልኩን ዘግቼ ለጠበቃው ደወልኩ። «ሴትዮዋ ትተርፋለች ወይ?» አይደለም ያልኩት። «እኔን ይነካኛል?» ነው ያልኩት።

ችሎት ላይ ዳኛዋ የጥገናው ኃላፊ ማን እንደሆነ ስትጠይቅ ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። በአንድ ቃል ልታጋልጪኝ ስትችይ፣ «ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ» አልሽ። ጠበቃዬ ደስ ብሎት ጉልበቴን ቸብ አደረገኝ። ያቺ ቸብታ እስካሁን ታመኛለች።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ሆና ቁልፍ ትተክል ነበር። መደገፊያው እንዳይሠራ የከለከልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ «ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ይጠቅማል? እዚያ ችሎት ላይ አልነበሩም እንዴ?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጠበቃዬን አሰናብቼ ቃሌን ለዳኛዋ ሰጠሁ። ቃሌ አንቺን ከክሱ አላወጣሽም፤ እኔን ግን አስገባኝ። ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ብቻ አዲሱ መጥሪያ ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ ከስምሽ በላይ የእኔን ስም ታገኛለሽ። ከመጀመሪያውም ቦታው እዚያ ነበር።

ወንድምሽ