አንድ ኮከብ ከእንሴኖ

ነሐሴ 27

ዛሬ ከቁርስ በፊት ሦስት ዩኒቨርሲቲ ገደልኩ። አንዱን በትኋን፣ አንዱን በሬጅስትራሩ ጩኸት፣ አንዱን ደግሞ እንዲሁ አርማው ስላስጠላኝ። የተማሪዎችን አስተያየት ማንበብ እንዲህ ነው... አልጋ ላይ ተጋድሞ በአውራ ጣት መግደል። ደም የለም።

እማዬ ከበሩ ላይ፦ «ሲና፣ ተነሽ! ወንድምሽ ከባጃጅ ጋር ተደባድቦ መጣ።»

«ከሹፌሩ ጋር ነው?»

«መጀመሪያ ከሹፌሩ። ኋላ ከራሷ ከባጃጇ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ባጃጇ።»

ይታገሱ ነው ስሙ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ተስፈኞች ነበሩ።

በሕይወት የተረፉት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። አንዱ ስሙ በ«ስኪ» የሚያልቅ ከተማ ውስጥ ያለው፣ 4.8 ኮከብ። ሌላው 3.1። የ3.1ዱ ተማሪዎች የሚያወሩት ስለ ሾርባ ብቻ ነው። «ሾርባው ቀዝቃዛ ነው።» በዓመቱ ሌላው፦ «ሾርባው አሁንም ቀዝቃዛ ነው።» ታሪክ እያጠኑ ይሆን?

መስከረም 3

ጋሽ አምሀ ከመርካቶ ደወለ። የእማዬ ወንድም ነው፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። እኔን ውጭ የሚያስተምረኝ እሱ ስለሆነ እሱ ሲደውል ተነስተን ነው የምናነሳው።

«ያ የስኪው ስንት ኮከብ ነበር?»

«4.8።»

«አየሽ! እኔ ሐዋሳ ያረፍኩበት ሆቴል አራት ነበር፣ ፎጣውን እንኳ ወፍ አስመስለው አጥፈው ነው አልጋ ላይ የሚያስቀምጡት!»

«ጋሼ፣ የሆቴል ኮከብና የተማሪ ኮከብ ይለያያል...»

«ኮከብ ኮከብ ነው! ለሚልክሽ ኤጀንት ቃል ሰጥቻለሁ። አለቀ።»

አለቀ። በወፍ ፎጣ ዕጣዬ ወጣ።

መስከረም 9

የስኪው ገጽ ላይ፣ ከሺህ ደስተኛ ሰው በታች፣ ጣቴ እስኪደክም ወርጄ... አንድ አማርኛ። ያልሰረዙት ማንበብ ስላልቻሉ ይሆናል። እንዲህ ይላል፦

«ሀቢቡ አብዶ፣ ከእንሴኖ። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሦስት ሆነው መቱኝ። ጥበቃው ቆሞ አየ። መትተው ሲጨርሱ መታወቂያ ጠየቀ። እነሱን አይደለም፣ እኔን። ትምህርት ካቆምኩ ሁለት ሴሚስተር ሆነኝ። አንድ ኮከብ።»

ልቀልድበት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።

እንሴኖ እኮ እዚሁ ነው። በሚኒባስ አንድ እንቅልፍ እንኳ አይሞላም።

ለይታገሱ አሳየሁት። ጥበቃውን ሄዶ ሊገድለው ተነሳ። «በምን ትሄዳለህ?» ስለው ጫማውን ማሰር አቆመ።

መስከረም 16

የመስቀሉ ሰንጋ ታረደ። ከአዲስ አበባ ያልመጣ ዘመድ የለም። ክትፎው በሸክላ ጣባ፣ ቆጮው በኮባ ቅጠል ቀርቦ፣ ሁሉም አፉ ሙሉ ሳለ ተነስቼ የሀቢቡን አስተያየት አነበብኩ። አፍ ሲሞላ ነው ሰው የሚያዳምጠው ብዬ።

ጋሽ አምሀ ዋጥ አድርጎ፦ «ቀናተኛ ነው! አንድ ሰው በሺህ ላይ!»

አባባ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ታጠቡ። የአያቴ ወንድም ናቸው። በሰፈራችን የድንበርም የጠብም ጉዳይ እሳቸው ፊት ሳይቀርብ አያልቅም። «ሺዎቹን ጥሪያቸው» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«በስማቸው ነዋ።»

ጠራሁ። «ደስተኛው ተማሪ»።

«የማን ልጅ ነው?»

«አባባ... ኢንተርኔት ላይ የአባት ስም አይጽፉም።»

«አባቱን ያልጠራ ምስክር አይሆንም። አስወጪው።»

«ስሙ ያልተገለጸ»ን አስወጡ። «የካምፓስ ንግሥት»ን አስወጡ። በእጃቸው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ባለ አምስት ኮከቦቹን ሁሉ ከቤታችን አባረሩ። መጨረሻ ላይ ከእነአባቱ የቆመ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«አብዶ... የእንሴኖው የበርበሬ ነጋዴ እንዳይሆን? እንሄዳለን። አባቱ ለልጁ ቃል ዋስ ይሁን፣ ነገሩ ይዘጋል።»

«እኔ ቃሌን የሰጠሁት ሰው ፊት በበርበሬ ነጋዴ ልዋረድ?» አለ ጋሽ አምሀ። ቆመ። ይታገሱም ቆመ።

«እህቴን ልታስገድላት ነው?»

«አንተ ባጃጅ እንኳ የማታሸንፍ!»

ወንድሜ የአጎቱን አንገት ያዘ። አጎቱ ጣባውን አንስቶ ከነክትፎው ግንባሩ ላይ ሰበረው። የሰንጋው ደም የቱ፣ የወንድሜ ደም የቱ... ኮባው ላይ መለየት አቃተኝ። እማዬ በጭልፋ ሁለቱንም መታቻቸው። ያለ አድልዎ።

በዓሉ እንዲህ ተከበረ።

መስከረም 21

እጄ ያቃጥለኛል፣ ግን ልጻፈው።

እንሴኖ፣ የገበያ ቀን። አባባ ወልደአማኑኤል ነጭ ጋቢ ለብሰው ከነከዘራቸው። ይታገሱ ግንባሩ ታሽጎ። ጋሽ አምሀ «ውሸታምነቱን በጆሮዬ ልስማ» ብሎ።

የጋሽ አብዶን ሱቅ ለማግኘት መጠየቅም አላስፈለገን፤ ቀዩ ክምር ከሩቅ ያስነጥሳል። አባባ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። «ወአለይኩም ሰላም! ግቡ፣ ግቡ!» ሴት ልጁ ፈትሂያ፣ የእኔ እኩያ፣ ጆንያ ገልብጣ አስቀመጠችን። ከሚዛኑ በላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶ ቤት ገብቶ ጥቁር ጋዋን የለበሰ ልጅ።

ሳንጠይቀው፦ «ኢንጅነሩ ልጄ ነው። ዘንድሮ ይጨርሳል፣ ኢንሻላህ።»

ያን ጊዜ ነበር መመለስ። ለምን አልተመለስንም?

አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በወጉ፦ «ልጅህ የተናገረው ቃል እውነት ነው ብለህ ዋስ ትሆነዋለህ?»

«ልጄ? ምን ብሎ?»

ሁሉም ወደ እኔ። አነበብኩ። «ትምህርት ካቆምኩ» የሚለው ላይ ስደርስ ፈትሂያ የበርበሬ መስፈሪያውን ጣለችው።

«ድገሚው» አለኝ አባቷ።

ደገምኩ።

ጋሽ አምሀ ቸኮለ። «ዋሽቷል በለንና እንሂድ።»

«የእኔ ልጅ አይዋሽም!»

«እንግዲያው ኢንጅነር አይደለማ።»

ጋሽ አብዶ ብረቱን ሲያነሳ አላየሁትም። የሚዛኑ ብረት ነው፣ ትልቁ። ድምፁን ብቻ... ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። ጋሽ አምሀ መንጋጋውን ይዞ ክምሩ ውስጥ ወደቀ። በመስቀል ግንባሩ የተፈነከተበት ወንድሜ ለፈንካቹ ሲል ዘሎ ገባ። ጆንያ ተቀደደ፣ ቀይ ዳመና ተነሳ። የሚያይ ሰው ጠፋ። ያላየ ሁሉ ያገኘውን መታ። ቃሪያ ሊሸጥ የመጣ፣ ሊገዛ የመጣ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ያልሰማ። አንዱ «ማነው?» እያለ ነበር የሚደበድበው። አባባ ወልደአማኑኤል በራሳቸው ከዘራ ተመትተው ተቀመጡ። ደም ከበርበሬ ጋር ሲቀላቀል ቀለሙ እንኳ አይለወጥም።

ፈትሂያ ጎትታ በጓሮ በኩል አወጣችኝ። የምታለቅሰው በበርበሬው ይሁን በሌላ...

«አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ሲደውል ሁልጊዜ ካሜራው ተበላሽቷል ይላል። አባቴ ስልክ ሊገዛለት ነበር።»

ደወለች። «ክፈተው! ካሜራውን ክፈት ሀቢቡ! አባ ሰው ሊገድል ነው!»

ከፈተው።

የፊት ጥርሶቹ የሉም። ከከንፈሩ እስከ ጉንጩ ጠባሳ። የፎቶው ልጅ ታላቅ ወንድም መሰለኝ፣ በጣም ታላቁ።

ስልኩን እንደ ፋኖስ ከፍ አድርጋ ዳመናው ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። ጋሽ አብዶ ጋሽ አምሀ ላይ ተቀምጦ ብረቱን አንስቷል። ሌላ ምት ቢጨምር...

«አባ» አለ ስልኩ። በጥርሱ ክፍተት ነፋስ ያፏጭ ነበር።

ብረቱ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ አብዶ ስልኩን አየ። ዓይኑን በቀይ እጁ ጠረገ፣ ባሰበት፣ እንደገና አየ።

«አፍህ የታለ?» አለው።

ጥርስህ አላለም። አፍህ።

ከዚያ ተነስቶ ብረቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ቀስ አድርጎ። ሚዛኑ ዝቅ አለ።

መስከረም 22

የጋሽ አምሀ መንጋጋ ታስሯል፣ ወር አይናገርም ተባለ። ቤታችን ውስጥ የሰው ድምፅ መስማት ጀመርን።

ጥቅምት 4

ጋሽ አብዶ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ በግ ይዞ መጣ። አባባ ወልደአማኑኤል፣ ከንፈራቸው አብጦ፣ ከተበዳይም ከዳኛም ወገን ሆነው ተቀመጡ። ጋሽ አምሀ ይቅር ማለቱን ራሱን ነቅንቆ ገለጸ። በሕይወቱ ሳይመልስ የሰማው የመጀመሪያ ንግግር ነው። ለኤጀንቱ የጻፈውንም አሳየኝ፦ «አልልካትም። ቃሌን በልቻለሁ።» ኤጀንቱ የመለሰው፦ «ኮከቡ እኮ አሁን 4.9 ገብቷል!» ገብቼ አየሁ። የሀቢቡ ቃል የለም። አማርኛ የሚያነብ ሰው አግኝተዋል ማለት ነው።

ጋሽ አብዶ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ እዚያው ላይ ጻፊልኝ። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።»

እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ጨርሰን ልልከው ስነካ ስልኩ እምቢ አለ።

«ምን ሆነ?»

«ኮከብ ስጡ ይላል።»

«ዜሮ በይው።»

«ዜሮ የለም ጋሼ። ትንሹ አንድ ነው።»

«ሳልሸልማቸው አይሰሙኝም?»

ሀቢቡ አንዱን ኮከብ እንዴት ሰጥቶ ይሆን?

ጋሽ አብዶ ስልኬን ወሰደ፣ አየው፣ ከግድግዳው ጋር አላተመው። በጉ ደንግጦ ጮኸ። ከዚያ ስብርባሪውን ራሱ ተንበርክኮ ለቀመ። «ይቅር በይኝ ልጄ። እጄ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ አይታዘዘኝም።»

ጥቅምት 13

በእማዬ ስልክ ሲፈን ጋ ደወልኩ። ወልቂጤ ያስተማረኝ መምህር ልጅ ነች፣ የ3.1ዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አባቷን አባባ ወልደአማኑኤል ያውቋቸዋል፣ ምስክርነቷ ጸድቋል። ስለ ትምህርቱ አልጠየቅኳትም። ስለ ሾርባውም።

«ሰው ሲመታ ጥበቃው ምን ያደርጋል?»

«ምን አይነት ጥያቄ ነው?»

«መልሺልኝ በናትሽ።»

አሰበች። «ባለፈው ሁለት ልጆች አንዱን ያዙት... ጥበቃው ሮጠ።»

«ወዴት?»

«ወደ እነሱ ነዋ! አንዱን በራዲዮው መታው፣ ራዲዮው ተሰበረ። ሾርባው ግን ሲና፣ እውነቴን ነው የምልሽ...»

እዚያ እሄዳለሁ። ሀቢቡ ወደ እንሴኖ በሚመለስበት ሰሞን ነው የምሄደው። ፈትሂያ ሱቁ ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ አባቷ እንዳላወረደው ነገረችኝ።

ከስልኬ ጋር የተሰበረውን የጋሽ አብዶን ቃል እዚህ አስቀምጬዋለሁ። እዚህ ኮከብ የሚጠይቅ የለም።

«እኔ አብዶ ነኝ፣ የከሊል ልጅ፣ የእንሴኖው። ልጄን ከነጥርሱ ላክሁላችሁ። ሦስት ሆናችሁ መታችሁት። ሰውዬአችሁ ቆሞ አየ፣ ከዚያ መታወቂያ ጠየቀው። መታወቂያው እኔ ነኝ። ኑና ጠይቁኝ።»