ስለ ቦቄ ምጥና ስለ ድህነት ማስረጃዬ

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ኃላፊ
ባሉበት (ከሰዓት በኋላ ስለማይገኙ ጠዋት ይነበብልዎ)

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? የሰሞኑ የጎባ ብርድ ጉልበትዎን እንዳልያዘዎት፣ የቢሮዎም ማሞቂያ እንደ ወትሮው ሳይቋረጥ እየሠራ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ወሰንየለሽ መሸሻ እባላለሁ፤ እዚሁ ጎባ ከተማ ዳር የምኖር የትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ግንባሯ ነጭ የሆነውን ላሜን ቦቄን ግን ያውቋታል፣ ምክንያቱም ፎቶግራፏ በመሥሪያ ቤትዎ ኮሪደር ላይ ከእርስዎ ፎቶግራፍ ጎን ተለጥፏል።

ደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚያልቅ ነው። እኔና ልጄ ሊሊ የበላነውንም የለበስነውንም ያገኘነው ከቦቄ ወተት ነው። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ብዬ ሳይሆን፣ ማክሰኞ ዕለት ቢሮዎ ውስጥ ቆሜ ስለ አንዲት ላም ያን ያህል ለምን እንደምጨነቅ ስለጠየቁኝና ያኔ ቸኩዬ ስለነበር ነው። አሁን ጊዜ ስላለኝ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አምና የመሥሪያ ቤትዎ አዳቃይ ባለሙያዎች ሳልጠራቸው በመኪና ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ምንም ሳያስከፍሉ ቦቄን ከፈረንጅ ኮርማ ዘር ስላዳቀሉልኝ አመሰግናለሁ። ፎቶግራፉም የዚያን ዕለት የተነሣ ነው። እኔ መሀይም ሆኜ፣ የአገር ላም ናት፣ ትንሽዬ ናት፣ የፈረንጅ ጥጃ አይከብዳትም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ችግር ከመጣ እኛ አለንልሽ አሉኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ምጥ ይዟት የጥጃው አንድ የፊት እግር ብቻ ወጥቶ ሌላው እምቢ ሲል፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ እናንተ ሮጥኩ። አለንልሽ ያሉኝን አምኜ ነው።

2ኛ. በደረስኩ ጊዜ ቁጭ በይ ብለው ወንበር ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ኪሩቤል ነገሬን ሰምቶ ሳይጨርስ ቦርሳውን አንሥቶ ተነሥቶ ነበር፤ እርስዎ ግን መመሪያውን አስታውሰው ቦርሳውን መልሰው አስቀመጡለት። ቤት ድረስ ለሚሰጥ የድንገተኛ ሕክምና የመድኃኒቱና የጉዞው ሒሳብ አስቀድሞ እንደሚከፈል፣ መክፈል የማይችል ደግሞ ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ እንደሚያመጣ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሮቤ ላለው የግል ሐኪም ደውዬ የጠየቀኝን ዋጋ ሰምቼ ስለነበር የቀረኝ የእርስዎ መንገድ ብቻ ነበር። ቀበሌው ቅርብ ነው፣ ብቅ ብለሽ ትመጫለሽ ብለው አበረታቱኝ።

3ኛ. በዚሁ አጋጣሚ የቀበሌያችንን ጸሐፊ አቶ ሀብተሚካኤልንም ላመስግን፤ እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ስንት ከብት አለሽ ብለው ጠየቁኝ፣ አንዲት ላም አልኩ። ላም ያላት ሴት ድሃ ተብላ እንደማትመዘገብ አዝነው ነገሩኝ። ላም ባይኖረኝ የላም ሐኪም ምን ያደርግልኛል ብላቸው ጥቂት አሰቡና፣ እውነትሽን ነው፣ ግን መመሪያው እንዲህ ነው አሉኝ። ከዚያ እኔን ለመርዳት ብለው፣ ከልባቸው ነው የምልዎ፣ አንድ ዘዴ አገኙልኝ፦ ላሟን በምስክር ፊት ለጎረቤት በስጦታ ባስተላልፍ በዚያው ቅጽበት ድሃ እሆናለሁ።

ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። ወደ ቤት ተመልሼ፣ ቦቄ መሬት ላይ ተጋድማ እያማጠች፣ የአንገቷን ገመድ ፈትቼ ለጎረቤቴ ለሰብሪና አቀበልኳት። ሰብሪና ወላሂ አልነካውም ብላ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። በምጥ ላይ ያለች የሰው ላም መቀበል ሐራም ነው፣ ነውርም ነው አለችኝ። ባሏ ኡመር፣ ግድ የለሽም፣ ለዛሬ ብቻ ነው፣ ያዢው ብሎ እየለመናት ነው ገመዱን የጨበጠችው። ኡመርና ሌላ አንድ ጎረቤት አብረውኝ ሄደው መሰከሩ፣ አቶ ሀብተሚካኤልም ማኅተሙን መቱልኝ። እንዲህ ድሃ በመሆኔ የተደሰትኩበት ቀን ኖሮ አያውቅም፣ ወደ እርስዎም እየሮጥኩ መጣሁ።

4ኛ. ማስረጃዬን እንደ እርስዎ በጥሞና ያነበበ ሰው የለም። አቶ ሀብተሚካኤል እውነተኛ ሰው ስለሆኑ፣ አንዲት ላም የነበረቻት ቢሆንም ለወይዘሮ ሰብሪና ስላስተላለፈች ብለው ጽፈውበት ነበር። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው ድሃ መሆኔን ሙሉ በሙሉ ተቀበሉልኝ። እኔ በነጻ የመታከም መብት አለኝ፣ ላሟ ግን የእኔ አይደለችም፤ ስለዚህ ባለቤቷ ወይዘሮ ሰብሪና ቀርባ ትክፈል፣ ካልቻለችም የራሷን የድህነት ማስረጃ ታምጣ አሉ። ሰብሪና ደግሞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ላም ያላት ሴት ናት። ወይ ጉድ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እሺ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ በሩንም ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

5ኛ. አምስተኛው ምን እንደነበር ጠፍቶብኛል። አዘጋጅቼው ነበር።

ቤት ስደርስ ሰብሪና የቦቄን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጠዋት ከእኔ ከተቀበለቻት ጀምሮ ምሳም ሳትበላ አልተነሣችም። ቦቄ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች፣ ጥቂት ቆይታም አረፈች። ሰብሪና ጮኻ አለቀሰች፤ ሊሊም አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። በሕጉ መሠረት ሐዘንተኛዋ ሰብሪና ናት፣ እኔ ለቅሶ ደራሽ ነኝ፤ ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጬ አይዞሽ አልኳት። ዶክተር ኪሩቤል ከሥራ ሰዓት በኋላ በራሱ እግር መጣ፤ የመድኃኒት ክፍሉ ተቆልፎ ስለነበር ባዶ እጁን ነበር። ቦቄን አያትና ይቅርታ አድርጉልኝ ብሎን ሄደ። እባክዎ ስለ መምጣቱ አይቅጡት፣ ምንም የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አልተጠቀመም።

በማግሥቱ ከቀበሌ ሰው መጥቶ፣ ላሟ በስሟ ስለሆነች ሬሳውን እንድታነሣ ሰብሪናን አስጠነቀቃት። ኡመርና የሰፈሩ ሰዎች ቆፍረው ቀበሩልን። ሰብሪና እስካሁን ቀና ብላ ዓይኔን አታይም፣ ያንቺን ላም እጄ ላይ ገደልኩብሽ ትላለች። ልጠይቅዎ የምፈልገው አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው፦ በማኅተምዎ የተረጋገጠ፣ ላሟን የገደለችው ሰብሪና አይደለችም የሚል አንድ መስመር ይጻፉልኝ። እኔ ስነግራት አታምነኝም፤ ማኅተም ያለበት ከሆነ ግን ታምን ይሆናል። ይህ ነገር መመሪያ የሚያስፈልገው ከሆነ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ስለ እኔ አይጨነቁ። ንዴቱም እንባውም ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ፤ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት አሁንም በርጩማዬንና የወተት ዕቃዬን ይዤ ወደ በረቱ እሄዳለሁ፣ ከደረስኩ በኋላ ትዝ ይለኛል፣ ተመልሼም ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ሰውነቴ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኗል።

ሥልጣንዎ ይርዘም፤ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ መመሪያዎን የሚያነቡ ዓይኖችዎን አምላክ ይጠብቅልዎ፤ በቤትዎ የሚያምጥ ሁሉ በሰዓቱ ሐኪም አይጣ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ወሰንየለሽ መሸሻ
ማስረጃ ያላት ድሃ
ጎባ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሰብሪና፣ ለላሟ ሕጋዊ ባለቤት
በክሊኒኩ በር ለሚያልፍና ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ትሑት ልጅ ለዓመቱ ሪፖርት የሞቱ ከብቶችን ሊቆጥር ቤታችን መጥቶ ነበር። ቦቄን በሰብሪና ስም፣ በበሽታ የሞተች ብሎ መዘገባት። ጥጃውስ ብዬ ስጠይቀው፣ ያልተወለደ ስለማይቆጠር ቦታ የለውም አለኝ። ኡመር ከመቅበሩ በፊት አውጥቶ አሳይቶን ነበርና፣ ሪፖርትዎ ውስጥ ባይገባም እርስዎ ይወቁት፦ ሴት ነበረች፣ እንደ እናቷ ግንባሯ ነጭ ነው።